በልግ ለምን ከቀጠሮው ይቀራል? የደቡብ ኦሞ የዝናብና የወንዝ ታሪክ

  

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ተባይም አልጽፍም። ዛሬ ታሪክ ነው። ምክንያቱም በየቀበሌው ስንሄድ ደጋግመን የምንሰማው አንድ ጥያቄ አለ። «ድሮ በልግ ቀኑን ጠብቆ ይመጣ ነበር፤ አሁን ምን ነካው?» ይላሉ ትልልቆቹ። ወጣቱ ደግሞ «ዘመኑ ተበላሽቷል፣ በቃ» ብሎ ያልፈዋል።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። «ድሮ ይመጣ ነበር» ብሎ በድሮው ቀን የዘራ ሰው ዘሩ መሬት ውስጥ ደርቆ ሊቀር ይችላል። «ተበላሽቷል» ብሎ ተስፋ የቆረጠ ደግሞ ጥሩ ዝናብ ሲመጣ ማሳው ሳይታረስ ያገኘዋል። ሁለቱም ይጎዳሉ። ስለዚህ ከጂንካ እስከ ኦሞራቴ ያለው ሰማይና ውሃ ከዚህ በፊት ምን ሲያደርግ እንደኖረ አንድ በአንድ እንይ። ረዘም ይላል፤ ኔትወርክ ባለበት ከፍታችሁ ማታ አረፍ ስትሉ አንብቡት። ማንበብ ለማይችሉ ቤተሰቦችም አንብቡላቸው።

ሁለት ዝናብ፣ አንድ ወንዝ

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። በሬዲዮ «ክረምት ገባ» ሲባል ዜናው በአብዛኛው የጎጃም፣ የሸዋ፣ የወለጋ ነው። የኛ ዋና ዝናብ በልግ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት። ሁለተኛው ከመስከረም ማለቂያ እስከ ኅዳር ይዘንባል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ «በጋ» ብሎ ይጠራዋል፤ ግን ሁልጊዜ «ለደቡብና ለደቡብ ምሥራቅ አርብቶ አደር አካባቢዎች ሁለተኛ የዝናብ ወቅታቸው ነው» ብሎ ይጨምራል። ያቺ የምትጨመረው ዓረፍተ ነገር የኛ ናት። እንዳታልፏት።

ለምን ሁለት ጊዜ? የዝናቡ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ በዓመት አንዴ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ አንዴ ወደ ደቡብ ይመለሳል። ሲወጣ በኛ ላይ ያልፋል፣ ሲመለስም በኛ ላይ ያልፋል። እርጥበቱን በብዛት የሚያመጣልን የሕንድ ውቅያኖስ ነው። ስለዚህ የዲመካ ገበሬ ዕድል ከሱማሌ ጠረፍ ማዶ ካለው ባሕር ሙቀት ጋር የተያያዘ ነው ማለት ነው። ይህን ያዙት፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከፍታውም ይለያየናል። ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 ሜትር በላይ ናት፤ የአሪ ደጋማ ቀበሌዎች ደግሞ ከዚያም በብዙ ይበልጣሉ። ኦሞራቴ ግን ከ400 ሜትር በታች ነው። ጂንካ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስታገኝ ዳሰነች ከ400 በታች ያገኛል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን መኪና መንገድ ውስጥ እንሰትና ቡና የሚያበቅል አገርም፣ ግመል የሚፈልግ አገርም አለን።

ሁሉንም የሚያገናኘው ኦሞ ነው። ወደ 760 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ውሃው የሚሰበሰበው በሸዋ፣ በጅማ፣ በከፋ፣ በወላይታና በዳውሮ አካባቢ ካሉ ተራሮች ነው፤ ጊቤና ጎጀብ ይገቡበታል። ከጂንካ በኩልም ነሪ ወደ ማጎ፣ ማጎም ወደ ኦሞ ይወርዳል። መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው። ሐይቁ ከሚያገኘው የወንዝ ውሃ 90 በመቶ ያህሉ የኦሞ ነው። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ የገባው ውሃ የሚወጣው በትነት ብቻ ነው። ስለዚህ በደጋ የዘነበው ዝናብ ልክ በሐይቁ ከፍታ ላይ ይታያል። ኦሞ የሚሞላው ደግሞ በደጋው ክረምት ነው። የታችኛው ሰው አንድ ጠብታ ሳይዘንብበት ነሐሴ ላይ ጎርፍ ይመጣበታል።

ጨው ባሕር ያስቀመጠው ማስታወሻ

የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ከመቆሙ በፊት የነበረውን በምን እናውቃለን? መሬቱ ራሱ መዝግቦታል።

ከአርቦሬ በታች ያለውን ጨው ባሕር የማታውቁት ጥቂት ናችሁ። ወይጦና ሰገን የሚገቡበት፣ ዛሬ በአብዛኛው ደረቅ ጨዋማ ሜዳ የሆነው ነው። በ2007 ዓ.ም የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች እዚያ ወደ 290 ሜትር ጥልቀት ቆፍረው የጭቃ ናሙና አወጡ። ጭቃው በየዓመቱ የተደራረበ ስለሆነ የ620,000 ዓመት የእርጥበትና የድርቀት ታሪክ ተነበበበት።

ምን ተገኘ? ከ15,000 እስከ 5,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ አካባቢው ከዛሬው በጣም እርጥብ ነበር። ጨው ባሕር እስከ 45 ሜትር የሚጠልቅ ሐይቅ ሆኖ ሞልቶ ወደ ቱርካና ይፈስ ነበር። ቱርካናም ራሱ ከዛሬው ወደ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወደ ነጭ ዓባይ በኩል ይተርፍ ነበር። ከዚያ ዝናቡ ሸሸ። አሸሻሹም አንድ ጊዜ አልነበረም፤ ከ20 እስከ 80 ዓመት የቆዩ ድርቆች እየተመላለሱ መጥተው ነው እርጥቡ ዘመን ያለቀው።

ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። «ድሮ ዝናቡ አይለወጥም ነበር» የሚለው ትክክል እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። የኛ አገር ሰማይ ከጥንትም የሚለዋወጥ ነው። የሰው ልጅም እዚሁ አብሮት ኖሯል። በ1959 ዓ.ም በኦሞ ክቢሽ የተገኘው የሰው ቅሪተ አካል በቅርቡ በተደረገ ምርምር ቢያንስ 233,000 ዓመት እንደሆነው ተነግሯል። ያ ሁሉ ትውልድ ያለፈው ዝናቡ ስላልተለዋወጠ ሳይሆን ሰውና ከብት ከዝናቡ ጋር ስለተንቀሳቀሱ ነው።

ከ130 ዓመት በፊት የነበረው ሐይቅ

ወደ ቅድመ አያቶቻችን ዘመን እንምጣ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም ድረስ በመላ ኢትዮጵያ «ክፉ ቀን» ነበር። መጀመሪያ የደስታ በሽታ ከብቱን ፈጀው፤ ድርቅና ረሃብ ተከተለ። በሬ ያለቀበት ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ከብት ያለቀበት አርብቶ አደር ወተት አጣ። በሽታው በምሥራቅ አፍሪካ አርብቶ አደሮች ሁሉ ላይ ወርዷል። ዛሬ በክትባት ከዓለም ጠፍቷል። ክትባት ሲመጣ ከብት ለሚደብቁ ወገኖች ይህች ታሪክ ትበቃቸዋለች።

በ1888 ዓ.ም፣ የዓድዋ ጦርነት በተደረገበት ዓመት፣ ቦቴጎ የተባለ ጣሊያናዊ አሳሽ ኦሞን ተከትሎ እስከ ሐይቁ ወረደ። ከዚያ በፊት የውጭ ሰዎች «ኦሞ ወደ ዓባይ ነው የሚገባው ወይስ ወደ ሌላ?» እያሉ ይከራከሩ ነበር። የዳሰነች ሕፃን ቢጠይቁ ይነግራቸው ነበር፤ ግን እነሱ ራሳቸው አይተው አረጋገጡ። በዚያ ዘመን የነበሩ ተጓዦች በካርታ ያሰፈሩት ሐይቅ በጣም የሞላ ነበር። ቀጥለው በመጡት ሃምሳ ስድሳ ዓመታት ግን ብዙ ሜትር ወረደ። ከዚያ በ1954 ዓ.ም ጥቅምትና ኅዳር በምሥራቅ አፍሪካ ሁሉ ከልክ ያለፈ ዝናብ ጣለ፤ ሐይቆችም ተነሡ። በኋላም ቱርካና እንደገና መሸሽ ጀመረ፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓ.ም ኦሞ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ቦታ ሰፊ አዲስ መሬት ወጣ። ዳሰነቾች በዚያ መሬት ማሽላ ዘሩበት፣ ከብት አሰማሩበት፣ ልጆች ወለዱበት።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያ መሬት ከሐይቁ የተገኘ ነበር። ሐይቅ የሰጠውን ሐይቅ ሊጠይቅ ይችላል። እንደጠየቀም ወደ ታች ታነባላችሁ።

ኮከብና ወንዝ እያዩ የሚዘሩ

አሁን ደግሞ የወንዙን ዳር እርሻ እንይ። ኦሞ ነሐሴ ላይ ሞልቶ ዳሩን ይሸፍናል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሲመለስ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ማዳበሪያ የማይፈልግ ደለል ትቶ ይሄዳል። እዚያ ላይ ማሽላ ይዘራል፤ በታኅሣሥና በጥር አካባቢ ይደርሳል። በጣና ዳር «ባሕር ሸሽ» እንደሚሉት ዓይነት ነው። ሙርሲ፣ ካራ፣ ኛንጋቶም፣ ዳሰነች፣ ክዌጉ ሁሉ በዚህ ኖረዋል። በልግ ላይ ደግሞ ከወንዙ ራቅ ባለ መሬት በዝናብ ይዘራሉ። ከብትም አለ። ይህ ሦስት እግር ያለው በርጩማ ነው። አንዱ እግር ሲሰበር በሁለቱ ተደግፈው ያልፋሉ።

የወንዙን ጊዜ የሚያውቁበትም ዘዴ ነበራቸው። ዴቪድ ተርተን የተባለ የሙርሲን ሕይወት ለብዙ ዓመታት ያጠና ምሁር ከአንድ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ጋር ሆኖ በ1970 ዓ.ም አካባቢ አንድ ጥናት አሳትሟል። ሙርሲዎች ወራቸውን የሚቆጥሩት በጨረቃ ነው። ግን «አሁን ስንተኛው ወር ነው?» ቢባሉ አንዱ ስድስተኛ ሌላው ሰባተኛ ሊል ይችላል፤ ይከራከራሉ፣ አይጣሉም። በደቡብ ሰማይ የሚታዩ ኮከቦችን ያያሉ። ከነዚህ ኮከቦች አንዱ «ኢማይ» ይባላል፤ በወንዙ ዳር የሚበቅል ሣርም በዚሁ ስም ይጠራል። ኮከቡ ማታ ማታ መታየቱን ሲያቆም ወንዙ ሣሩን እስከሚያስተኛ ድረስ ሞልቷል ማለት ነው። ክርክሩን የሚዳኘው ወንዙ ነው፤ ወንዙ ሲሞላና ሲመለስ ታይቶ የወሩ ቁጥር ይስተካከላል።

እኔ ኮሌጅ የተማርኩት የአየር ትንበያ ከዚህ ጋር አይጣላም። ከአንድ ምልክት ላይ ብቻ አትንጠልጠል፣ ብዙ ምልክት አስተያይ፣ ቀኑን ቁርጥ አድርገህ አትሟገት፣ ተፈጥሮ ስትናገር አስተካክል። የሙርሲ ሽማግሌ ያደረገው ይህንን ነው።

በርጩማው ሲነቃነቅ

በ1960ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ ዝናቡ በተከታታይ ቀረ፤ ወንዙም በደንብ አልሞላም። ሙርሲዎች በሕይወት ያሉ ሰዎች የማያስታውሱት ዓይነት ረሃብ ገጠማቸው፤ ብዙ ሰው ሞተ። ሁለት እግር በአንድ ጊዜ ሲሰበር በርጩማው ይወድቃል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም ገደማ፣ ብዙ መቶ ሰዎች ከኦሞ ዳር ተነሥተው ዝናብ ወደሚሻልበት ወደ ማጎ ሸለቆ ሄደው ሰፈሩ። ወደ አሪ ደጋና ወደ ጂንካ ገበያ ቀረቡ። ዛሬ «የአየር ንብረት ስደት» የሚባለውን እነሱ ያኔ አድርገውታል። ቦታው ግን የራሱ ችግር ነበረው፤ የገንዲ በሽታ ስለነበረ ለከብት አልተመቸም። የዝናብን ችግር ሸሽቶ የዝንብን ችግር መገናኘት እንዳለ አትርሱ።

በ1990 ዓ.ም ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ተቃራኒው መጣ። ያ ዓመት ኃይለኛ ኤል ኒኞ የነበረበት ነው። በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላዎች ከወትሮው በብዙ እጥፍ ዘነበ፤ ጎርፍና የእንስሳት በሽታ ተከተለ።

ከዚያ ነሐሴ 1998 ዓ.ም። በደጋው ክረምቱ በረታ፣ ኦሞ ከአቅሙ በላይ ሞላ። ጎርፉ ዳሰነችን ድንገት መታው። 364 ሰዎች እንደሞቱ ተነግሯል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶች ተወሰዱ። ኦሞ በየዓመቱ የሚሞላ ወዳጅ ስለነበረ ማንም አልፈራውም ነበር። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ይሏል ይኼ ነው። የተረፉት ሰዎች ከብታቸውን ብቻ አይደለም ያጡት፤ የጎተራ እህላቸውንና የዘር ማሽላቸውንም ነው።

ጎርፉ የቀረበት ዘመን

በዚያው በ1998 ዓ.ም የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ሥራ ተጀመረ። ጥር 2007 ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም ተመረቀ። 1,870 ሜጋ ዋት ያመነጫል፣ ቁመቱ ከ240 ሜትር በላይ ነው፣ ወደ 15 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚጠጋ ውሃ ይይዛል። በ2003 ዓ.ም ደግሞ የኩራዝ ስኳር ልማት በታችኛው ኦሞ ተጀመረ፤ ከወንዙ ውሃ በቦይ ይጠልፋል። ከጊቤ ሦስት በታችም የኮይሻ ግድብ ግንባታ ተጀምሯል።

ግድብ ምን ያደርጋል? የክረምቱን ውሃ ይይዝና ዓመቱን ሙሉ በልክ ይለቃል። ወንዙ በጋም ላይ አይደርቅም፤ ክረምትም ላይ እንደ ድሮው አይሞላም። ለአገሪቱ መብራት ነው። ለካራና ለሙርሲ ማሳ ግን ደለል ይዞ የሚመጣው የነሐሴ ሙላት ቀረ ማለት ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ለማለት ሌላውን መደበቅ አያስፈልግም። በግድቡ የአካባቢ ጥናት ላይ በየዓመቱ ለ10 ቀን ያህል ውሃ ለቆ ሰው ሠራሽ ጎርፍ የማድረግ ሐሳብ ሰፍሮ ነበር፤ ምክንያቱም አጥኚዎቹም ጎርፉ ለታችኛው ሰው እርሻ መሆኑን ያውቁ ነበር።

ለእናንተ ዋናው ነጥብ ይህ ነው። የድሮው የወንዝ ዳር አቆጣጠር፣ ኮከብም ሣርም ያለበት፣ የተሠራው ላልተገደበ ወንዝ ነው። ኮከቡ ዛሬም በቀኑ ይጠልቃል። ወንዙ ግን አሁን የሚታዘዘው ኮከቡን ብቻ ሳይሆን የግድቡን በር ነው። ስለዚህ በወንዝ ዳር የሚዘራ ሰው ዛሬ ጄኔሬተርና ፓምፕ፣ ቦይ፣ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ያስፈልገዋል። ከሦስቱ እግሮች አንዱ ተለውጧል፤ እንዳልተለወጠ አድርጎ መቀመጥ ያስወድቃል።

አምስት ወቅት በተከታታይ

አሁን ወደምታስታውሱት እንምጣ። በ2012 ዓ.ም መጀመሪያ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራቡ ክፍል በጣም ሞቀ፤ ኃይለኛ ዝናብ ሆነ። እርጥበቱና ለምለሙ የበረሃ አንበጣን ረዳው፤ በ2012 አንበጣው ደቡብ ኦሞም ደረሰ። የ2012 በልግም ከበድ ያለ ነበር።

ከዚያ ተገለበጠ። ላ ኒኛ ገባ። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ዝናቡ ቀረ፤ የ2013 በልግ ደካማ ሆነ፤ የ2014 ጥቅምትና ኅዳር ቀረ፤ የ2014 በልግ ቀረ፤ የ2015 ጥቅምትና ኅዳርም ደካማ ሆነ። አምስት ወቅት በተከታታይ። በአፍሪካ ቀንድ ከ40 ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ አልታየም። የቦረናና የሱማሌ ክልል ከብት አለቀ፤ በኛም ቆላማ ወረዳዎች ብዙ ቤተሰብ መንጋውን አጥቷል። እናቶች በደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚቆፍሩት ጉድጓድ በየሳምንቱ እየጠለቀ ሄደ።

በ2016 ዓ.ም ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ኤል ኒኞ ሆነና ጎርፍ መጣ። ልብ በሉ፤ ድርቁን ተከትሎ የመጣ ጎርፍ ሣር የሌለበት መሬት ላይ ነው የሚወርደው፤ አፈሩን ይዞት ይሄዳል።

ዳሰነችስ? ቱርካና ሐይቅ ከ2012 ዓ.ም ወዲህ እየሞላ መጣ። ኦሞም ተደጋግሞ ሞላ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የወጣውን መሬት ውሃው መልሶ ወሰደው። በ2016 ዓ.ም ማብቂያና በ2017 መባቻ አብዛኛው የዳሰነች ቀበሌ በውሃ ተከቦ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ፤ ለኦሞራቴ ከተማ ጭምር ስጋት ስለሆነ የአፈር ግድብ መሥራት አስፈለገ። ሰዎች «ግድብ ተሠርቶ ጎርፍ ይቆማል አልተባለም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ይህ ነው። ግድብ መካከለኛውን ጎርፍ ይይዛል፤ ሲሞላ ግን የተረፈውን መልቀቅ አለበት። ከግድቡ በታች ያሉ ገባሮችን ውሃም አይይዝም። የሐይቁን መነሣትም አያግድም።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ምንስ አልተለወጠም?

ያልተለወጠው መለዋወጡ ነው። ጨው ባሕርም፣ ቱርካናም የሚነግሩን ይህንን ነው።

የተለወጡት ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ ሙቀት። በኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ሙቀት ሲጨምር አፈሩ ቶሎ ይደርቃል፤ ድሮ ማሽላን የሚያደርስ ዝናብ ዛሬ ላያደርሰው ይችላል። የሚሊ ሜትሩ ቁጥር ሳይቀንስ ውሃው ያንሳል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በልግ። ከ1960ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ወዲህ በአንዳንድ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የበልግና የክረምት ዝናብ ከ15 እስከ 20 በመቶ መቀነሱን ጥናቶች አሳይተዋል፤ ደቡቡና ደቡብ ምሥራቁ ከተጎዱት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ «በልግ ከቀጠሮው ይቀራል» የምትሉት ወሬ አይደለም። ይሁን እንጂ በመሃሉ እንደ 2010 እና 2012 ዓ.ም ያሉ ከባድ የበልግ ዝናቦች ይመጣሉ። ዘግይቶ ይገባል፣ ቀድሞ ይወጣል፣ ሲመጣ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል።

ሦስተኛ፣ መሬቱና ሰዉ። ሕዝቡ በዝቷል፣ ደኑ ሳስቷል፣ ወንዙ ተገድቧል፣ ግጦሹ ጠቧል። አያቶቻችን ዝናብ ሲቀር ይንቀሳቀሱ ነበር። ዛሬ መንቀሳቀሻው ጠብቧል። ስለዚህ ያኔ እግር የሠራውን ሥራ ዛሬ እቅድ መሥራት አለበት።

ከዚህ ታሪክ ወደ ማሳችሁ የምትወስዱት

1. የመጀመሪያውን ዝናብ አትመኑ። ዘራችሁን ሁሉ በአንድ ቀን አትዝሩ። ተቀባይነት ያለው መለኪያ በሦስት ተከታታይ ቀን ወደ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ ነው። መለኪያ የለንም አትበሉ። አፉና ቂጡ እኩል የሆነ የቆርቆሮ ጣሳ ዛፍ ከማይጋርደው ቦታ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ጠዋት ጠዋት በተማሪ ልጅ ማስመሪያ ለኩ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ማለት 20 ሚሊ ሜትር ነው። ቀኑንም በደብተር ጻፉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ያ ደብተር ከማንም ባለሙያ ይበልጥ ያማክራችኋል።

2. ቶሎ የሚደርስና ዘግይቶ የሚደርስ ዘር አቀላቅሉ። ለቆላ ቶሎ የሚደርሱ እንደ መልካም ያሉ የማሽላ ዝርያዎች አሉ፤ ስለ አቅርቦቱ በየወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤትና በጂንካ ግብርና ምርምር ማዕከል ጠይቁ። የአካባቢያችሁን ነባር ዘር ግን አትጣሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

3. ደጋ ያላችሁ እንሰታችሁን ጠብቁ። እንሰት አንድ በልግ ቢቀር አይሞትም፤ የቆመ ጎተራ ነው። ለገንዘብ ብሎ እንሰቱን ነቅሎ ሁሉንም በቆሎ የሚያደርግ ሰው አንዱን እግር ራሱ እየሰበረ ነው።

4. ቆላ ያላችሁ፣ ሣር በጥሩ ዓመት ከልሉ። ከብት የሚሸጠው ሲከሳ ሳይሆን ሳይከሳ ነው። በ2014 ዓ.ም ቀድመው ጥቂቱን የሸጡ ቀሪውን የሚያተርፉበት ገንዘብ ያዙ፤ እስከ መጨረሻው የጠበቁ ቆዳ ቀራቸው።

5. በኦሞ ዳርና በሐይቁ ዳር ያላችሁ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የዘር እህልን፣ ሕፃናትን፣ አቅመ ደካሞችን ከፍ ባለ ቦታ አድርጉ። መሬቱ ለም ስለሆነ እረሱት፤ ጎተራችሁን ግን እዚያ አትሥሩ። የደጋ ዝናብ ዜና የናንተ ዜና ነው፤ «ጅማ ላይ ከባድ ዝናብ» ሲባል ከቀናት በኋላ ወደናንተ እንደሚመጣ አስቡ።

6. የጣሪያ ውሃ አጠራቅሙ። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 800 ሊትር ነው። ይህ በአንድ ዝናብ ብቻ ነው።

7. ትንበያውን ስሙ፣ ግን አሰማሙን እወቁበት። ሚቲዎሮሎጂ ከየወቅቱ በፊት «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» እያለ ዕድሉን ይናገራል። «ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ» ቢል ከ100 መሰል ዓመቶች በ45ቱ ያንሳል፣ በ55ቱ አያንስም ማለት ነው። ቁርጥ ያለ ቃል አይደለም፤ ግን ዘርን ለሁለት ከፍሎ ለመዝራት በቂ ምክንያት ነው። ኤል ኒኞ ሲባል ለኛ የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ሊበረታ ይችላል፤ ላ ኒኛ ሲባል ሊቀር ይችላል። ለሰሜን የሚነገረው ሁልጊዜ ለኛ አይሠራም።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ከቀበሌ ሽማግሌዎች የሚሰማውን ምልክትም አትናቁ። የዛፍ አበባ፣ የወፍ ድምፅ፣ የንፋስ አቅጣጫ፣ የኮከብ መጥለቅ የብዙ ትውልድ ማስታወሻ ነው። ከጣሳው ደብተርና ከትንበያው ጋር አስተያዩት። ሦስቱ ከተስማሙ ዝሩ፤ ከተከራከሩ ደግሞ ግማሹን ዘር ቤት አስቀምጡ።

በየአካባቢያችሁ ትልልቆች የሚያስታውሱት ክፉ ዓመት ወይም ትልቅ ጎርፍ ካለ፣ በአስተያየት መስጫው ላይ የቦታውንና የዓመቱን ስም ጻፉልኝ። ዓመቱን በቁጥር ባታውቁትም «እገሌ የተወለደበት»፣ «እገሌ ድልድይ የተሠራበት» ብላችሁ ጻፉ፣ አብረን እናሰላዋለን። የተጻፈ ለልጆቻችን ይቀራል፤ ያልተጻፈ ከሽማግሌው ጋር ይሄዳል።

ጽሑፉ ይጠቅማል ካላችሁ ለጎረቤት አጋሩት። መልካም ዝናብ፣ መልካም የእርሻ ወቅት!